ያልበላ አይወጋም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ዕድሜዬን ሁሉ በተረኛ ሰዓት ስገባና ስወጣ ኖሬ፣ ከእንግዲህ የትም መድረስ የማይጠበቅብኝ ቀን ሲመጣ ሰዓት ሰጡኝ። ከሰዓቱ ጋር ጋቢም ነበር። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩ ልጅም ተነሥቶ «ሲስተር ዘነበች እንደ ሻማ ቀልጣ ያበራችልን እናታችን ናት» ብሎ ተናገረ። ልጁ ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም። ስቀልጥ የት ሆኖ እንዳየኝ አልጠየቅኩትም።

በመጨረሻ «የምትይው ካለሽ» አሉኝ። አለኝ አልኩ። «ውስጥ ደዌ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነሣልኝ» አልኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያም አጨበጨቡ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ወረቀቱ «ምግብ ያልበላ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን አይወጋም» ይላል። በነርሶቹ አፍ አጥሮ «ያልበላ አይወጋም» ሆኗል። አዲስ ተመድቦ የመጣ ነርስ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል፤ ቀላል ነው፣ አይረሳም፣ የሚጠይቀውም ሰው የለም። እኔ ስለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ብዕር ያነሣሁት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ራሱን የሚያውቅ ሰው ካነበበው ይበቃኛል።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ እኔም እዚያው ተወልጄ ነው ያደግኩት። ነርስነት ጅማ ተምሬ መንግሥት በተለወጠ ማግስት የመጀመሪያ ምድቤ ማጂ ሆነ። ማጂ ስኳር የሚባል በሽታ እንዳለ የምናውቀው «ሽንቴ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል» ብሎ በሚመጣ ሰው ነው። መድኃኒቱ ጣቢያው ውስጥ አልነበረም። ሰውዬውን «ወደ ሚዛን ሂድ» ብዬ እልከዋለሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናው እግር የጣለው ቀን ነው የሚመጣው። ይድረስ አይድረስ ተመልሶ የሚነግረኝ አልነበረም። ከማጂ ወደ ቴፒ ተዛወርኩ። ቴፒ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከየአገሩ የሚጎርፈው ሠራተኛ በወባና በጉንፋን ይወድቃል፤ እኛ ደግሞ መሬት ላይ እያነጠፍን እናስተኛለን። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል፤ ስለ እሱ ያወራን እንደሆነ እንስቃለን፣ ከሳቅን ደግሞ ሥራ አንሠራም።

ከቴፒ ቀጥሎ ነው ሲስተር ጀሚላ ወዳሉበት ሆስፒታል የመጣሁት።

ሲስተር ጀሚላ የጅማ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፤ የሚቆጡት እንኳ በሹክሹክታ ነው። ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ካርድ አያነሡም። እያንዳንዱ በሽተኛ ላይ ጎንበስ ብለው «ስምህ ማነው?» ይላሉ። ስሙን ያውቁታል፤ ትናንትም ጠይቀውታል። የሚፈልጉት ትንፋሹን ነው። ስኳሩ የተበላሸበት ሰው ትንፋሽ አናናስ አልፎበት ሲበሰብስ የሚሸተውን ይሸታል። ያንን ሽታ ከአፍ ሽታ፣ ከላብ፣ ከበረኪናው ለይቼ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሸተውም። «አፍንጫሽ እስኪለምድ ዓይንሽን ተጠቀሚ» ይሉኝ ነበር። «የሮጠ ሳይሆን የሮጠ ያህል የሚተነፍስ ሰው ካየሽ ካርዱን እንዳታነቢ፣ ወደ መርፌው ሂጂ።»

የጣት ደም የሚለካው መሣሪያ ያኔ አልነበረንም። ሽንቱን ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር ቀላቅለን በቱቦ እናፈላዋለን። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ደኅና ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት አለ፤ ቢጫ ሆኖ እየጠቆረ የሸክላ ቀለም ከያዘ ጉዳችን ፈላ ማለት ነው። ሲስተር ጀሚላ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን ያዩታል። የቱቦው አፍ ወደ ሰው ሲዞር ካዩ ይቆጣሉ፤ ሲፈላ ይፈነጠቃል፣ ዓይን ያጠፋል። የእኔ ትውልድ ነርሶች ብዙዎቹ ክንዳቸው ላይ የዚያ ፈሳሽ ጠባሳ አለ። የእኔ የግራ ክንዴ ላይ ነው።

ሌላው አመላቸው ማሩ ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው ሕመምተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ጫካው ደግሞ የማር ጫካ ነው። ለጉንፋን ማር፣ ለሳል ማር፣ ለኩፍኝ ማር ነው። እኛ ወጣቶቹ ማር ስናይ «ልትገድሏት ነው እንዴ!» ብለን እንጮኻለን። ጠያቂው ይደነግጣል፣ ማሩን ነጠላ ሥር ይሸሽጋል፣ ዞር ስንል ያልሳታል። ሲስተር ጀሚላ ግን ማሩን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። ይመርቃሉ። «ይኸ ስትድን ነው የሚበላ» ብለው መስኮቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ሁሉ በሚያየው ቦታ ያኖሩታል። በሽተኛው ሲወጣ ማሩ አብሮት ይወጣል። ያመጣው ሰው አልተዋረደም፣ ስጦታው ተቀባይ አላጣም፣ ማሩም አልተበላም። እሳቸው ባሉበት ማር ተሸሽጎ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን ስለ ትኩሳት ነው። የስኳር ሰው ጉንፋን፣ የጉበት ቫይረስ ወይም ሌላ ቫይረስ ሲይዘው አፉ ይመረዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስታውከዋል። እኛም ቤተሰቡም «ካልበላ ስኳሩ ከየት ይመጣል?» እንላለን። ሲስተር ጀሚላ ይህን ሲሰሙ ቁጭ ይሉ ነበር፣ ረጅም ነገር ሊያስረዱ ሲሉ እንደሚያደርጉት።

«አየሽ ልጄ፣ ሰውነት ሲታመም የሚዋጋበት ስንቅ ይፈልጋል። ስንቁን ከጉበት ያወጣዋል። አፉ ዝም ቢል ጉበቱ ዝም አይልም። ስለዚህ ያልበላውም ሰው ስኳሩ ይወጣል፣ እንዲያውም ከጤነኛው ቀን የባሰ ይወጣል። መርፌው ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ ለሕመሙም ነው። ካላመንሽኝ ሽንቱን አፍዪው።»

አፈላሁት። የሸክላ ቀለም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ተከራክሬያቸው አላውቅም። ደንባቸው አጭር ነበር፦ መርፌ አታቁሚ፣ ለኪ፣ አጠጪ፣ መልሰሽ ለኪ። መጠኑ እንደ ልኬቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲወርድ ካየሽ ስኳር ያለው ነገር በማንኪያ ትሰጪያለሽ፤ ግን ባዶ አትተዪውም። የኤችአይቪ መድኃኒት መጥቶ አንዳንዱ ሰው በመድኃኒቱ ሳቢያ ስኳሩ ሲወጣም በዚያችው ደንብ ነው የሠራነው።

መሰለችን የማውቃት በዚያ ዘመን ነው። ከሸዋ ቤንች በኩል በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ገና ልጅ ናት፤ ከአጥንቷ በቀር የቀረ ነገር የላትም። እናቷ በየነች የቤንች ሴት ናት፣ በሰው ማሳ ቡና እየለቀመች ብቻዋን የምታሳድጋት። «ጉንፋን ነው» አለችን። «ጉንፋን ያዛት፣ ውኃ ብቻ ትላለች፣ ከዚያ ተኛች፣ አትነሣም።» ሲስተር ጀሚላ ጎንበስ አሉና ቀና ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። ስሟን አልጠየቁም፤ መልስ የምትሰጥ አልነበረችም። የጨው ውኃውን በሁለት እጇ ሰካን፣ ውኃ የመሰለውን ፈጣን ኢንሱሊን ጀመርን፣ ሽንቷን እየቀዳን ስናፈላ ዋልን። ከሸክላው ወደ ቢጫ፣ ከቢጫው ወደ አረንጓዴ ሲመጣ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ጎደሬ አማረኝ አለች። በየነች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አብሬያት።

ስኳሩ ዕድሜ ልክ እንደሆነ ለእናትየው የነገሯት ሲስተር ጀሚላ ናቸው። መርፌ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ በብርቱካን ላይ። ወተት የመሰለውን ጠርሙስ በሁለት መዳፍ መሐል ማሸት እንጂ መነቅነቅ እንደማይገባ፣ አየሩን እንዴት እንደምታወጣ፣ ዛሬ ከወጋችበት ነገ ፈቀቅ እንድትል አሳዩአት። ቤቷ ፍሪጅ የለም፣ መብራትም የለም። ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ሞልተው፣ አሸዋውን አርጥበው፣ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለው ቀበሩት። «አሸዋው እንዳይደርቅ ብቻ» አሏት። በየነች «እንደ ችግኝ አጠጣዋለሁ» አለች።

ስትወጣ በሩ ላይ ይዘው አቆሟት። «የመጨረሻውን ልንገርሽ። ልጅሽ ብትታመም፣ ትኩሳት ቢይዛት፣ ባትበላም መርፌውን እንዳታቆሚ። ሰው ሁሉ አቁሚ ይልሻል። እንዳትሰሚ። ማስታወኩ ካልቆመ ይዘሻት ወደኛ ነይ።»

«እናንተ ጋ ካመጣኋት አበቃ» አለች በየነች።

ያቺን ቃል ብረሳት በወደድኩ።

መሰለች አደገች። ልብስ ስፌት ተማረችና በገበያ ቀን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። እየሰፉብኝ ሲሄዱ ጋውኖቼን በስፌት የምታጠብልኝ እሷ ነበረች። «ሲስተር፣ ከሳሽ እኮ፣ አይመግቡሽም?» ትለኝና በእኔ ላይ ትስቃለች። መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፣ እናቷ ግን እስከ መጨረሻው አሸዋውን ራሷ ነበር የምታጠጣው።

ሲስተር ጀሚላ ጡረታ ወጡ፤ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸው ነበር። አዲስ ሜዲካል ዳይሬክተር መጣ፣ ዶክተር እንዳልካቸው እንበለው። እውነቱን ልናገር፣ መጥፎ ሐኪም አልነበረም። ቀዶ ሕክምናው ላይ እጁ የተባረከ ነው። አለቃ ሲሆን ግን ፈሪ ነበር።

እሱ በመጣ ሰሞን አንድ የቡና ነጋዴ በከባድ ጉንፋን ገባ፤ የቆየ የስኳር ሰው ነው። ጠዋት ሙሉ መጠን ኢንሱሊን ተወጋ፣ ቁርስ ቀርቦለት አልበላም፣ የሚለካበት ስትሪፕ አልቋል፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከሰዓት በኋላ በላብ ተጠምቆ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ ሞቶ ተገኘ። ዘመዶቹ የሆስፒታሉን በር ዘጉ። ፖሊስ መጣ፣ ከዞን ሰው መጣ፣ ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ነገሩ በስንት ልመና ከበረደ በኋላ ወረቀቱ ተለጠፈ።

ቢሮው ገባሁ። «ዶክተር፣ ሰውዬውን የገደለው መርፌው አይደለም። ሳይለኩ መውጋትና ወግቶ መርሳት ነው» አልኩት።

«ስትሪፕ የለም፣ ሲስተር።»

«እስኪመጣ ሽንት እናፍላ።»

«በዚህ ዘመን ሽንት ስናፈላ ልንታይ?»

«ቫይረስ የያዘው የስኳር ሰው መርፌው ሲቋረጥ ደሙ አሲድ ይሆናል። እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የገረመኝ፤ አላውቅም ቢል ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶውን እያገላበጠ «ሲስተር ዘነበች፣ በወጋነው መርፌ ተከሰናል። ባልወጋነው መርፌ ግን ተከሰን አናውቅም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጥርስ ውስጥ ገባሁ። እኔ ተረኛ በሆንኩ ቁጥር እየለካሁ፣ ሲጎድል ከኪሴ ስትሪፕ እየገዛሁ መውጋቴን አላቆምኩም። ለነርሶች አለቃ ለማትሮኗ ተነገራት፤ እሷም ዓይኔን ሳታይ «ለጊዜው ቁስል ማጠቢያ ክፍል ትረጃለሽ» አለችኝ። ለጊዜው የተባለው ጡረታ እስክወጣ ቆየ። ገጀራ የቆረጠውን፣ እሳት የፈጀውን፣ የተመረዘውን ሳጥብ ውዬ ስወጣ በውስጥ ደዌው መስኮት በኩል አልፋለሁ። መስኮቱ አጠገብ የነበረው የማር መደርደሪያም ለንጽሕና ተብሎ ተነሥቷል። ማሩ እንደገና በነጠላ ሥር መግባት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ከሰፈር ሰፈር እየዘለለ ልጅ ሳይል አዋቂ ሳይል ያዘ፤ መሰለችም በልጅነቷ ክትባቱ ካመለጣቸው ነበረች። እዚህ ላይ ለማያውቅ ልንገር፤ በአገራችን ኩፍኝ መርፌ አይወድም ይባላል። ኩፍኝ የወጣበትን ሰው ከወጉት ሽፍታው ወደ ውስጥ ተመልሶ ይገድለዋል ይላሉ። ሕመምተኛው ጨለማ ቤት ይተኛል፣ ማር ይልሳል፣ ይጠበቃል። ይህን የሚለው የገጠሩ ሰው ብቻ አይደለም። መርፌ በመውጋት የሚኖሩ፣ ለገዛ ልጃቸው ኩፍኝ ግን መርፌ የማያስደርሱ ነርሶች አውቃለሁ።

በየነች ቤት ጎረቤት ተሰበሰበ። «ልትገያት ነው?» አሏት። መሰለች መርፌዋን ራሷ እንዳትይዝ እጇ ከድቷታል፣ አፏ ቆስሏል፣ አትበላም። የሟች ባሏ ወንድም ማሰሮውን አንሥቶ ወስዶ ሸሸገ። በየነች ቤቱ ድረስ ሄዳ ደጁ ላይ ተቀመጠች፤ ካልሰጣት እንደማትነሣ ነገረችው። ሰጣት። ጠዋት ጠዋት ሰው እያያት፣ ሰው እየረገማት፣ ልጇን ወጋቻት። ማስታወኩ አልቆም ሲል ደግሞ እንደተባለችው አደረገች፤ በባጃጅ ይዛት መጣች። መሰለች ከባጃጁ ወርዳ በገዛ እግሯ ነው ወደ ሆስፒታሉ የገባችው። ይህን በኋላ ከዘበኛውም ከካርድ ክፍሏ ልጅም አጣርቻለሁ፤ በእግሯ ገባች፣ ስሟንም ራሷ ተናገረች።

እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። አንድ የቡና አራሚ እግር እያጠብኩ በየነች በሩ ላይ ቆመች። ባዶውን ማሰሮ አቅፋለች።

«ሲስተር፣ መርፌዬን ወሰዱብኝ።»

«ማን ወሰደብሽ? መቼ መጣሽ?»

«ትናንት መጣሁ። እዚህ የቤት መድኃኒት አይቻልም አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ሰጠሁ። እነሱ ይወጋሉ ብዬ ነው። አልወጉም። ትናንት አልወጉም፣ ዛሬ አልወጉም። ስትበላ ነው አሉኝ። እንዴት ትበላ፣ አፏ ቁስል ነው።»

ጓንቴን አውልቄ ሮጥኩ። ኩፍኝ የያዛቸውን ለብቻ ያስተኙበት ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ተረኛዋ ልጅ በር ላይ አገኘችኝ።

«ስኳሯን ለክተሻል?»

«ማታ ለክቼዋለሁ። ከፍ ብሏል።»

«ታዲያ?»

«አልበላችማ፣ ሲስተር። ወረቀቱን ታውቂው የለ።» ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ለኩፍኝ መርፌ የማይሰጥበት ቤት ያደገች፣ ቅጣት የምትፈራ ልጅ ናት። ሁለቱ ፍርሃቶች ተገናኝተውባት ነበር።

ገባሁ። ጎንበስ አልኩ። «ስምሽ ማነው?» አልኳት፣ አሠራሩ በእጄ ስላለ እንጂ አስቤበት አይደለም።

«ታውቂው የለ... ሲስተር» አለችኝ መሰለች። የበሰበሰው አናናስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከሩጫ እንደመጣ ሰው ትተነፍሳለች።

ዶክተር እንዳልካቸው ከክልል ከመጡ እንግዶች ጋር ነበር። አንኳኩቼ ገባሁ። መልእክቱን በጆሮው ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «በልታለች?» ብሎ ነው። እንግዶቹ ፊት «ቆይ፣ እመጣለሁ» አለኝ፤ አልቆይም አልኩት፣ ጮክ ብዬ። እንግዶቹ ቀና ብለው አዩን። ያኔ ተነሣ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ፤ ሐኪም ነውና ምን እንደሚያይ ያውቃል። ስኳሯ ከልኩ ስላለፈ መለኪያው ቁጥር ማሳየት ትቶ ነበር። «ጀምሩ» አለ። በእጄ ወጋኋት፣ የጨው ውኃውን ሰካሁ፣ እየለካሁ እየጨመርኩ ከአጠገቧ አልተነሣሁም። ስኳሩ ወረደ። ትንፋሿ ግን አልተመለሰም፤ ሳንባዋም በኩፍኙ ተይዟል። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። በየነች ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ የልጇን እግር ያዘች።

ይህ ብቻ ቢሆን ከብዙ ሞት አንዱ ነው እል ይሆናል። የባሰው የመጣው በለቅሶው ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ፈርዷል፦ ኩፍኝ ላይ መርፌ ወግታ ልጇን ገደለች። የባሏ ወንድም በሰው መሐል ቆሞ ተናግሮታል። «ማሰሮውን ወስጄባት ነበር፤ ቀማችኝ።» ሴቶቹ አጠገቧ አይቀመጡም።

ዶክተሩ ጋ እንደገና ሄድኩ። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ከሆስፒታሉ ይምጣ፣ እናቲቱ ልክ ነበረች፣ መርፌው አይደለም የገደላት ይበል። የእኛን ጥፋት ባይናገርም እሷን ብቻ ነጻ ያውጣት። ከወንበሩ ሳይነሣ «የገደላት ኩፍኝ ነው» አለኝ። «የሞቱ ምክንያት ተብሎ የተሞላውም እሱ ነው። ሌላ የምንለው የለንም።» ውሸት አልተናገረም። ኩፍኙ ያልያዛት ቢሆን ባልሞተች። አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ውሸት አለመሆኑ ነው።

ለሲስተር ጀሚላ ነገርኳቸው። ዱላቸውን ይዘው፣ በሚኒባስ፣ ከዚያም በእኔ ትከሻ ተደግፈው ለቅሶው ቤት ደረሱ። በየነች አጠገብ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንቢ ስላለ መሬት ላይ ሳይሆን ግንድ ላይ። ያን የሹክሹክታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይቺ ሴት የወጋችው መርፌ ልጇን በሕይወት አደረሰልን። ያቆምነው እኛ ነን። እኔ ነኝ አምጫት ያልኳት። መውቀስ የሚፈልግ እኔን ይውቀስ።» ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ሰሙ። ውኃ አቀረቡላቸው፣ እስከ መንገዱ ሸኟቸው። ሲመለሱም የጀመሩትን ወሬ ቀጠሉ። ሲስተር ጀሚላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዶክተር እንዳልካቸው ከፍ ባለ ቦታ ተሹሞ ወጣ፤ በሽኝቱ ቀን ለእሱም ጋቢ ተሰጥቶታል።

ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። ይወድቃል ብዬ ዓመታት ጠበቅኩት። ክፍሉ ቀለም ሲቀባ አነሡት፤ ደስ አለኝ። ቀለሙ ሲደርቅ አዲስ አትመው፣ ውኃ እንዳያበላሸው በላስቲክ አሽገው ለጠፉት።

በየነች ሸዋ ቤንችን ለቃ ሚዛን ገብታለች። ገበያው ውስጥ ጎደሬ ትሸጣለች። የአገሯ ሰዎች ከእሷ አይገዙም፤ እኔ ግን አሁን ጊዜው ስላለኝ በገበያ ቀን ሁሉ እሄዳለሁ። ጎኗ እቀመጣለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ እናወራለን። ስነሣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ ገና ዛሬ እንደመጣላት አድርጋ።

«ሲስተር፣ ባላመጣት ኖሮ? ቤት ሆኜ ብወጋት ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። በእግሯ ነበር የገባችው።

«የገደላት ኩፍኝ ነው፣ በየነች» እላታለሁ። የዶክተር እንዳልካቸውን ቃል፣ በእሱው አነጋገር። እሷም ራሷን ትነቀንቅና ከመዘነችልኝ ላይ ሁለት ጎደሬ ትጨምርልኛለች።